ለእጣ ፋንታዬ

ሐምሌ በገባ ቁጥር የቢቸና ሰው ይማረራል። ጭቃው ጫማ ያስቀራል፣ መብራት ይጠፋል፣ መኪና ከመንገድ ይቀራል፤ ሁሉም አፉን ሞልቶ መስከረምን ይጣራል። ብሩክታይት ግን ክረምት ትወድ ነበር። ለሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ካርድ አድላ ወደ ቤቷ ስትመለስ መጀመሪያ የምታነሣው ባዘቶዋን ነው። መስኮቱ ሥር አጎዛ ላይ ትቀመጥና እንዝርቷን ታሾራለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ክሩ ከጣቶቿ መካከል ቀስ እያለ ሲረዝም፣ በዚህ ዓለም የጎደላት ነገር ያለ አይመስላትም። አንዱን ክረምት ለአባቷ ጋቢ፣ አንዱን ለእናቷ ኩታ፣ አንዱን ለእህቷ አራስ ልጅ መታቀፊያ ፈትላለች። የሰፈሩ ሴቶች ልቃቂቷን በመዳፋቸው እያገላበጡ፣ «ይህችስ የሸረሪት እጅ ነው የተሰጣት» ይሉ ነበር።

አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከመርጡለ ማርያም ድረስ ተማሪ ይመጣላቸዋል። እናቷ ወይዘሮ ባንቺዓለም ደግሞ ዘር ቆጣሪ ናቸው። የሰውን ሰባት ቤት ሳያጣሩ እጁን አይጨብጡም።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው ነገሩ የጀመረው። ሀሲና የምትባል የሞጣ ነጋዴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቢቸና ገበያ ትወጣለች። የቢቸናን ሴቶች ፈትል ይዛ ትሄድና ሞጣ ላይ አሠርታ ትመልሳለች። የሸማኔውን ስም የሚጠይቃት የለም። በዚያ ክረምት የብሩክታይት ኩታ ተሠርቶ ሲመጣ፣ እጥፋቱ ውስጥ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት አገኘች።

«ይህን ድር የፈተለች እጅ ሦስተኛው ልቃቂት ላይ ተቆጥታ ነበር። ከመጠን በላይ አክርራዋለች። ምን ሆና ነው? ፋንታ፣ ሸማኔው።»

ወረቀቷን ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ሦስተኛውን ልቃቂት የፈተለችው ከእናቷ ጋር የተጣላች ዕለት ነበር። ይህን ማንም አያውቅም። በሚቀጥለው ገበያ፣ በአዲስ ልቃቂት እምብርት ላይ መልሷን ጠቅልላ ሰደደች፦ «ከእናቴ ጋር ተጣልቼ ነበር። አራተኛው ላይ ታርቀናል፤ አላየኸውም?»

መልሱ መጣ። «አይቻለሁ። ለስልሷል።»

እንዲህ እያለ ዓመት አለፈ። ስልክ ነበራቸው፤ ነገር ግን ኔትወርኩ ዛሬ ቢመጣ ነገ ይሄዳል። ደግሞም የክርና የወረቀቱን መንገድ ሁለቱም ወደውት ነበር።

ባለፈው ጥር የአክስቷ ልጅ ሞጣ ላይ ስትዳር ሄዳ ፊት ለፊት አየችው። ሀሲና ናት ይዛት የገባችው። ፋንታ ከወገቡ በታች በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ እየሠራ ነበር፤ ቀጭን፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ክርኑ ላይ የሳሳ ጃኬት የለበሰ። ቀና ብሎ አያትና እጁ ቆመ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አላት።

ዘረጋችለት። አልነካትም። ጠቋሚ ጣቷ ላይ ክር የፈገፈገውን ቀጭን መስመር ብቻ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«እኔ ይህን መስመር አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ክረምት ሙሉ ያለፈው በእጄ ነው።»

ከሞጣ የምትመለስበት ቀን መናኸሪያው ድረስ ሸኛት። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል እንዲህ አላት፦ «ሽማግሌ ልልክ እፈልጋለሁ። ሸማኔ እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። እናንተ ቤት ምን እንደምንባልም ታውቂያለሽ። በር ላይ መቆም ለምጃለሁ፤ ግን አንቺ ከውስጥ ሆነሽ ካልከፈትሽልኝ አልመጣም።»

«ክረምት ይግባ። ለአባቴ እነግራቸዋለሁ» አለችው።

«ትነግሪያቸዋለሽ?»

«ማርያምን።»

መንገዱን ሁሉ ስትስቅ ሄደች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ጤናዋን ተጠራጠሩ።

የዘንድሮው ክረምት ሲገባ ለማን እንደምትፈትል አልጠፋትም። ሰውን ሁሉ የሚያለብስ ሰው ራሱ የሳሳ ጃኬት ለብሶ ማየቷ ከሆዷ አልወጣም ነበር። ጋቢ ልትፈትልለት ወሰነች፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ የሞጣን ብርድ የሚችል። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። እናቷ ሲያልፉ ሲያገድሙ ያዩዋታል።

«ይህ ሁሉ ፈትል ለማን ነው?» አሏት አንድ ቀን።

ብሩክታይት ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አባቷ ከማስተማሪያው ገና አልተመለሱም፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ እናቷ በደግ ቀናቸው ናቸው። «እንዲሁ ነው፣ እማዬ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

«ገባኝ» አሉ ወይዘሮ ባንቺዓለም ፈገግ ብለው። ብሩክታይት ምን እንደገባቸው ታውቅ ነበር። ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ያለው፣ ከታወቀ ቤት የተወለደ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው ሊጠይቃት እንደታሰበ ከሰኔ ጀምሮ በቤቱ ይወራል። እናቷ እንዲሳሳቱ ተወቻቸው። ቀላሉ እሱ ነበርና።

ልቃቂቶቹን ለሀሲና ስታስረክብ ወረቀቷን እንደ ልማዷ በአንዱ እምብርት ጠቀለለች። የቅኔ መምህር ልጅ ናት፤ ሰምና ወርቅ ከአባቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ የለመደችው ጨዋታ ነው። ስሙን በግልጥ መጻፍ ደግሞ አፈረች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ይህ ጋቢ ለእጣ ፋንታዬ ነው። አሳምረህ ሥራው።» ለእጣዬ፣ ለፋንታዬ። በገዛ ብልሃቷ ተደስታ ብቻዋን ሳቀች። ሲያነበው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ እያሰበች ሰነበተች።

መልስ አልመጣም። በሚቀጥለው ገበያ ሀሲናን ጠየቀቻት።

«አነበበው» አለች ሀሲና። «ከዚያ አጠፈና ኪሱ ከተተው። ምንም አላለኝ፣ እህቴ። የፊቱ ቀለም ግን ጥሩ አልነበረም።»

ታሞ ይሆናል አለች ብሩክታይት በልቧ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ለአባቷ ዛሬ እነግራለሁ ስትል ፍልሰታ ገባ፤ አባቷ ሱባኤ ያዙ። ሱባኤ ላይ ያለን ሰው እንዴት ልረብሽ አለች። ምክንያት በማግኘቷ ደስ ብሏት እንደነበር ያወቀችው ኋላ ነው።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾሙ ሲፈታ የኃይለ ጊዮርጊስ ቤተሰቦች ለጥየቃ መጡ። እሱም አብሮ ነበር። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር ዓይኑን የሚሰብር ሰው ነው። መሪጌታ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። ማዕዱ ቀርቦ፣ ሰው እጁን ታጥቦ፣ ገና አንድ ሁለት ጉርሻ እንደተጎረሰ በሩ ተንኳኳ።

ብሩክታይት ከጓዳው ደፍ ላይ ቆማ አየችው። ፋንታ ነበር። ከራሱ እስከ እግሩ በስብሷል፤ ደረቱ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፏል። ያቀፈው ብቻ ዝናብ አልነካውም።

«የሞጣው ሸማኔ ነኝ፣ እመይቴ» አለ። «ጋቢ ላደርስ ነው።»

ወይዘሮ ባንቺዓለም መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው መሶቡ ላይ ጣል ማድረግ ነበር። በፍጥነት፣ ያለ ኀፍረት፣ ዝንብ እንደሚከላከል ሰው ምግቡን ከዓይኑ ሸፈኑት። እንግዶቹም አፋቸው ያለውን ዋጥ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ። ፋንታ ይህን ሁሉ አየ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ከንፈሩ ብቻ ነጣ።

«አትግባ፤ እዚያው ቁም» አሉት። «ሀሲና እያለች አንተን ምን አመጣህ?»

«ሥራው ከባድ ነበር። በእጄ ላስረክብ ብዬ ነው።»

ተቀበሉት፤ ፌስታሉን ፈቱ። ጋቢው ሲዘረጋ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ «አቤት!» አሉ። ብሩክታይት እንዲህ ያለ ሥራ አይታ አታውቅም። ከዳር እስከ ዳር አንዲት ክር አልሳተችም፤ ጥለቱ ቀጭን፣ የሌሊት ሰማይ የመሰለ ሰማያዊ። በዚህ ጨርቅ ላይ ቀን ተቀን የተጎነበሰ ሰው እንዳለ ለማንም ግልጽ ነበር።

እናቷ ጋቢውን ይዘው ዞሩ። ሄደውም ኃይለ ጊዮርጊስ ትከሻ ላይ ጣሉት።

«ልጄ ክረምቱን ሙሉ የፈተለችው ነው» አሉት። «ለእርስዎ።»

ብሩክታይት የጓዳውን መቃን ያዘች። ኃይለ ጊዮርጊስ ደንግጦ፣ ደስ ብሎት፣ ከተቀመጠበት ተነሣ። «እንዲህ ያለ እጅ ሊመሰገን ይገባል» ብሎ ፋንታን ሊጨብጥ ወደ በሩ እጁን ዘረጋ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ክንዱን ያዙት። «ይተዉት፣ ይቀመጡ፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

ያኔ ፋንታ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጓዳው ደፍ ላይ አያት። ዓይኑ እየለመነ አልነበረም። እየጠየቀ ነበር።

«እመቤት» አላት፣ እንደማያውቃት ሰው፣ መንገድ ሊተውላት። «ልኩ ደኅና ነው?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እናቷ አዩዋት። የኃይለ ጊዮርጊስ አክስት አየቻት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ስሙን ብቻ ብትጠራው ይበቃ ነበር።

«ደኅና ነው» አለች። «እግዜር ይስጥልን።»

ፋንታ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ወይዘሮ ባንቺዓለም፣ «ከበረንዳው ቆይ፤ ለብቻህ በሳሕን ያወጡልሃል» ሲሉት፣ «ጠግቤያለሁ፣ እመይቴ» ብሎ ወደ ዝናቡ ገባ። ብሩክታይት እስኪርቅ በመስኮቱ ተከተለችው። ዞሮ እንዲያይ ለመነች። አልዞረም። ባለመዞሩ ደግሞ፣ ራሷን እስከ ዛሬ ይቅር የማትልበት፣ ትንሽ እፎይታ ተሰማት።

አራት ቀን አለቀሰች። በአምስተኛው፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጉዳይ አለኝ ብላ በማለዳ ሞጣ ለመሄድ ተሳፈረች። ግንደወይን ላይ መኪናው ጭቃ ያዘውና ሰው ሁሉ ወርዶ ገፋ፤ እሷም ገፋች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ ነው ፋንታ ደጅ የደረሰችው።

ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። አያት፤ አልተነሣም።

«ደኅና መጡ» አለ። «ይቀመጡ።»

«እንዲህ አትበለኝ። አንቺ በለኝ።»

«የመሪጌታ ልጅ አይደሉም እንዴ?» ብሎ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ አሳለፈ።

«ፋንታ፣ ጋቢው ያንተ ነበር።»

መወርወሪያው ቆመ።

«ለእጣ ፋንታዬ ብዬ የጻፍሁት ላንተ ነው። ስምህን ነው የደበቅሁበት። ፋንታዬ አንተ ነህ፤ ሌላ ፋንታ የለኝም። ቅኔ ነበር።»

ፋንታ መወርወሪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ አስፈራት።

«ቅኔ!» አለ። «እኔ እኮ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ እዚህ ጉድጓድ የገባሁ ሰው ነኝ። ቅኔ ማን አስተማረኝ? ላንተ ነው ብለሽ ብትጽፊ እጅሽ ይሰበር ነበር?»

አንቺ ማለቱን ሰማች፤ ልቧ በሞኝነት ዘለለ።

«ወረቀቱን ሳነበው ለሚያገባሽ ሰው መስሎኝ ነበር» አለ። «እጣ ፋንታዬ የምትለው የተፈቀደላትን ባል ነው አልሁ። ልመልሰው አሰብሁ። ከዚያ ደግሞ፣ የሷን ፈትል ሌላ ሰው አያበላሽብኝም ብዬ ያዝሁት። አሥራ አንድ ቀን ሠራሁት። እያንዳንዷን ክር ሳስገባ ይህ የሌላ ሰው ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው እያልሁ። ለሀሲና መስጠት እችል ነበር። ግን አንዴ ላይሽ ፈለግሁ፤ ሰውየውንም ላየው። ደኅና ሰው ከሆነ ልመርቅሽና ልመለስ።»

«ፈራሁ» አለች።

«ማንን?»

«አባቴን። እናቴን። ሰውን ሁሉ።»

«እኔም ፈርቼ ነበር። ከሞጣ ቢቸና ድረስ ስፈራ ነው የመጣሁት። ግን መጣሁ።»

ልትጠጋው ተነሣች። እጁን አነሣና አስቆማት።

«ስሚኝ፣ ብሩክታይት። እስከ ዛሬ ጧት የማውቀው አልወደደችኝም የሚለውን ነው። ያልወደደችኝ ሴት ሰው ፊት ባታውቀኝ አልፈርድባትም። ያ ሐዘን እንቅልፍ ያስተኛል። አሁን ምን ነገርሽኝ? የኔ መሆኑን እያወቅሽ፣ ያን ጋቢ ሌላ ሰው ሲለብሰው ቆመሽ አየሽ። ልኩን ጠየቅሁሽ፤ ደኅና ነው አልሽኝ። ይህን ልትነግሪኝ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሽ? ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠች። «አሁን ሽማግሌ ላክ» አለችው እያለቀሰች። «ነገ ላክ። እኔ ራሴ በሩን እከፍታለሁ። እናቴ ፊት፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ እጅህን ይዤ አስገባሃለሁ።»

ፋንታ ፊቱን አዞረ። ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር።

«ከቢቸና ስመለስ እናቴ መልኬን አየች። እዚህ እኛ ሰፈር የጓደኛዋ ልጅ አለች፤ ትናንት ጠየቀችልኝ። እሺ ብያለሁ። መስቀል ሲያልፍ ነው።»

«አትወዳትም!»

«አልወዳትም» አለ ሳይደብቅ። «ግን ልጅቷ እናቴ ስትገባ ተነሥታ ተቀበለቻት። ዛሬ ልሂድና ሐሳቤን ለወጥሁ ልበላት? እናንተ በር ላይ የቆምሁትን አቋቋም እሷን ላስቁማት? እኔ ያን ማድረግ አልችልም። አይተሻል እኮ እንዴት እንደሆነ።»

«ፋንታ...»

«ይሂዱ» አላት፤ ወደ «እርስዎ» ተመለሰ። «ቀኑ ሳይመሽ መኪና አያጡም።»

ደጃፉ ላይ ሀሲና ቆማ ነበር። ሁሉን ሰምታለች። ብሩክታይትን አቅፋ፣ «ማንበብ ብችል ኖሮ እኔው እነግረው ነበር» እያለች አብራት አለቀሰች።

ቢቸና ስትደርስ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ከአባቷ ጋር ተቀምጠዋል፤ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው። እናቷ ጭቃዋን አይተው ዓይናቸውን አፈጠጡ። ብሩክታይት ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። እዚያው በመሐል ቤት ቆመች። አሁን የምታጣው ነገር አልነበራትም፤ ስለዚህ ቀላል ሆነላት።

«አባዬ፣ ኃይለ ጊዮርጊስን አላገባም» አለች። «ሞጣ ያለ ሸማኔ እወዳለሁ። ፋንታ ይባላል። ጋቢውን የፈተልሁት ለሱ ነበር።»

«በስመ አብ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ባንቺዓለም። «በልቷታል! ያን ዕለት በር ላይ ሲያያት አውቄው ነበር! ጠበል...»

መሪጌታ እጃቸውን አነሡ፤ ሚስታቸው ዝም አሉ። አዛውንቱ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። የጠበቀችው ቁጣ አልመጣም።

«ሸማኔ ስለሆነ ነው የደበቅሽኝ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ይህን የለበስሁትን ማን ሠራው? የመንበሩን መጋረጃስ ማን ሠራው?» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። «ሠላሳ ዓመት ሳስተምር የኖርሁት የሰው ልጅ ሁሉ የአዳም ዘር ነው እያልሁ ነው። የገዛ ልጄ አልሰማችኝም እንዴ?»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «የኃይለ ጊዮርጊስን ወላጆች እኔው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጥፋቱ የኛ ነው።» ወደ እሷም ተመለሱና፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ትምህርቷን ስትይዝ በሚያዩዋት ዓይን አዩዋት።

«በይ ላኪበት» አሏት። «ሽማግሌውን ይዞ ይምጣ።»

ብሩክታይት ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈራ የኖረችው «አይሆንም» የሚለውን ቃል ነበር። ያ ቃል በዚህ ቤት ጭራሽ አልነበረም። እንባዋ ወረደ፣ ማቆሚያም አጣ።

መሪጌታ የደስታ እንባ መሰላቸው። ከመቀመጫቸው ተነሡና፣ ራሷን እየዳበሱ፣ «አይዞሽ ልጄ» አሏት፤ «ሞጣ እኮ ቅርብ ነው።»